ግራው ይከብዳል

በመጋቢት መባቻ፣ ኩይካ ሐይቅ ላይ፣
በረዶው ስልሳ ሳንቲ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣
ታውኖ ጋራዡን ከፈተ፤ ገፍተን አወጣናት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጓዳ ያሳደግናት።
እግሯ የበርች እንጨት፣ በእንፋሎት የጎበጠ፣
ሆዷ ውስጥ ከቮልስ ሬሳ የወጣ ሞተር የተቀመጠ።
ክንፎቿን ግን እኔ ነኝ የሰፋሁ፤
ሰባት ሺህ ስፌት ነው። ቆጥሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን መብረር አልነበረም፤
መንዳት ብቻ፣ ከዚህ እስከ ኦይቫ የጀልባ ማሰሪያ፣
እግሯን እንደማታምን ጥጃ እየተንገዳገደች፣
ጅራቷ ሲወላገድ እሱ በእግሩ እያቃናት።
ማታ መዝገቡን ገልጦ "ፍሬን የላትም" ብሎ ጻፈ፣
"በረዶ ላይ ማን አለው?" ብሎ ደግሞ ሰረዘው።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሜትር ዘለለች።
አንድ ሜትር! ከወገቤ ጥቂት ከፍ አለች፤
ጥላዋ ከስሯ ሲለያት አየሁት፣
እንደ ክር ሲበጠስ በጆሮዬ ሰማሁት።
ወዲያው ወረደች። ጥላዋን ረገጠች።

በሦስተኛው ኦይቫ መጣ፣ ጡረታ የወጣ መርማሪ፣
ወሬ ወዳጅ፣ ግን ብሎን ሳይነካካ የማያልፍ ፈሪ።
ከመቀመጫው ስር የአሸዋ ከረጢት አሰረ፣
"ሂድ" አለው። በቃ፣ "ሂድ"። እኛ አገር ቃል አይበዛም፤
ባሌ ጓንቱን አጠለቀ፤ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም።

ሞተሩ አጓራ። በረዶው እንደ ዱቄት ቦነነ።
ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣
ቀጠነ።
ሐይቁ ለቀቃት ወይስ እሷ ለቀቀችው፣ አላወቅሁም፤
ከጥዶቹ ጫፍ በላይ ስታልፍ ዓይኔን አልጨፈንሁም።

ሬዲዮና እርሳስ ይዣለሁ፤ ይጠራል፣ እጽፋለሁ፦
የዘይት ሙቀት ሰባ ስምንት። ከፍታ ሁለት መቶ። ፍጥነት...
ዝም አለ።
ያ ዝምታ ስንት ደቂቃ እንደቆየ መዝገቡ አይናገርም።
እኔ ስፌቴን እቆጥር ነበር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ፣
የቱ ጋ እጄ እንደዛለ፣ የቱ ጋ መርፌው እንደወጋኝ፤
ከእኔ በቀር ያየው የለም፤ እሱም ሳያየው አመነኝ።

ከዚያ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፦ "ግራው ይከብዳል።"
ይኸው ነው ከሰማይ የመጣልን ቃል።
አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ ሳቅ ይመጣል ስል፣ ለቅሶ ስል፣
"መሪውን ወደ ቀኝ ይዣለሁ። ክንዴ ዝሏል።"

ወረደ። አንዴ ነጠረች፤ ተንሸራታ ቆመች።
ኦይቫ ክንፉን በጣቱ መታ፤ እንደ ከበሮ መለሰለት።
"የማሰሪያው ሽቦ ይሆናል፤ ወይ የእንጨቱ ጠማማነት፤
ወይ ቀለሙ ተደራርቦ" አለ። እኔ ዝም አልሁት።

ግራውን የሰፋሁት ታውኖ ሆስፒታል የተኛ ክረምት ነበር።
ደረቱን ከፍተው፣ ልቡን ጠግነው፣ አጥንቱን በሽቦ ሲሰፉ፣
እኔ እዚያ ጋራዥ፣ በዘይት ምድጃው ዳር፣
ሁለት ጣት የሚራራቀውን ስፌት በአንድ ጣት ስደረድር፣
የእነሱ ቢላላ እንኳ የእኔ እንዳይላላ ብዬ፣
በቋጠሮ ላይ ቋጠሮ፣ ሌላም ደግሞ አክዬ።

ማታ በኩሽናው ሚዛን ያንኑ ያህል ክር አስቀመጥሁ።
ሰማንያ ግራም። ሁለቴ መዘንሁ።
ሰማንያ ግራም ክንፍ አያዘነብልም፤ አውቃለሁ።

ታውኖ መዳፍ የማትሞላ የአሉሚኒየም ቁራጭ
በግራው ክንፍ ተንቀሳቃሽ ከንፈር ላይ ቸነከረ፣
በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ቀለበሳት፣ ጥቂት።
"ስፌቱን ልፍታው እንዴ?" አልሁት በመጨረሻ።
ቀና አለ፤ ጠባሳው በሸሚዙ አንገት ብቅ ብሎ ታየ።
"ለምን? ይዟል እኮ" አለና መዶሻውን ፈለገ።

ነገ አራተኛው በረራ ነው። ስምንት መቶ ሜትር ላይ
ጋዙን ቀንሶ፣ አፍንጫዋን አንስቶ፣
መቼ መብረር እንደምታቆም ይጠይቃታል፤
መውደቅ የምትጀምርበትን ቁጥር ነግሮኝ ይመለሳል።
መመለሱንም፣ ቁጥሩንም እጽፋለሁ።
አሁን እርሳሱን እቀርጻለሁ።